«እንቅልፍ አይወድም» የተባለው ልጃችን

ይህን የምጽፈው ሌሊት ልጅ አቅፎ ክፍል ውስጥ ለሚንጎራደድ ወላጅ ነው። እኛም በዚያ መንገድ አልፈናል። የመጀመሪያ ልጃችን ከሁለት ዓመቱ ጀምሮ ሦስተኛውን እስኪያገባድድ ድረስ ማታ አልተኛም ይላል፤ ከተኛም በኋላ ደጋግሞ ይነቃል፤ ጠዋት ደግሞ እየተነጫነጨ ይነሳል። ዘመድም ጎረቤትም «ይሄ ልጅ እንቅልፍ አይወድም» ይለን ነበር። ስንሰማው ስንሰማው እኛም አመንን። አሁን ግን ጥሩ አድርጎ ይተኛል። ድሮም ቢሆን እንቅልፍ የሚጠላ ልጅ እንዳልነበረ ገብቶናል።

ሐኪም አይደለሁም። የማካፍላችሁ በቤታችን የሆነውን፣ የሕፃናት ሐኪማችን ያስረዳችንን እና ከዚያ በኋላ እያነበብኩ የተረዳሁትን ነው። ልጅ ከልጅ ስለሚለያይ ለእናንተ የሚሆነውን ውሰዱ።

ነገሩን ያወሳሰበብን፣ ልጃችን የደከመው አለመምሰሉ ነበር። ሲመሽ ጭራሽ ይነቃቃል። ከአንዱ ሶፋ ወደ ሌላው ይዘላል፤ ይሮጣል፤ ይስቃል፤ ወዲያው ደግሞ በትንሽ በትልቁ ያለቅሳል። «ገና ጉልበቱ አላለቀም፤ ትንሽ ይጫወት» እንላለን። በቆየ ቁጥር ግን ይብስበታል። በመጨረሻ ሁላችንም ተዳክመን፣ እሱ እያለቀሰ፣ ተራ በተራ አቅፈን እሹሩሩ እያልን እናስተኛዋለን።

ሐኪሟ ይህን ስንነግራት ገና ሳንጨርስ ገባት። የደከመ ትልቅ ሰው ይፈዛል፣ ያዛጋል፣ ቁጭ ይላል። የደከመ ትንሽ ልጅ ግን ብዙውን ጊዜ ይቅበጠበጣል። እንቅልፍ የጎደለው ልጅ ቁጡ ይሆናል፤ ትዕግሥት ያጣል፤ አንድ ነገር ላይ መቆየት አይችልም። እኛ ብርታት ነው ያልነው ድካሙ ነበር። ስለዚህ የልጁ መሯሯጥ ሲጀምር ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለውን ምልክት ፈልጉ አለችን። የእኛ ልጅ ከመቅበጥበጡ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ዝም ይላል፤ መጫወቻውን ይዞ አንድ ቦታ ላይ ፈዞ ይቀራል። ሌላው ልጅ ዓይኑን ያሻል፤ ሌላው ጆሮውን ይጎትታል፤ ሌላው እናቱ ላይ ይለጠፋል። የእናንተን ልጅ ምልክት ለማወቅ ጥቂት ምሽት ዝም ብሎ ማየት ይበቃል። ያቺ ጊዜ ካለፈች ማስተኛቱ ከባድ ነው።

ቀጥሎ ሐኪሟ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀችን። «በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ሰዓት ይተኛል?» እኔና ባለቤቴ ተያየን። በትክክል አናውቅም። አንድ ወረቀት አልጋው አጠገብ ለጥፋችሁ መቼ እንደተኛ፣ መቼ እንደነቃ፣ ቀን ስንት ሰዓት ላይ እንዳሸለበ ጻፉ አለችን። ደግማችሁ ደጋግማችሁ ከምትጨነቁ ይህን አድርጉ እላችኋለሁ። እኛ ቤት ለውጡ የጀመረው ከዚያች ወረቀት ነው።

የምታነጻጽሩበት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን ከ14 እስከ 17 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ከ12 እስከ 16 ሰዓት፤ የ1 እና የ2 ዓመት ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፤ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ሰዓት ያስፈልገዋል። ይህ የሌሊቱም የቀኑም እንቅልፍ ተደምሮ ነው። ብዙ ወላጅ የሌሊቱን ብቻ ቆጥሮ ሲደነግጥ አይቻለሁ። ክልሉ ሰፊ የሆነውም ልጆች ስለሚለያዩ ነው። የእናንተ ልጅ ዝቅተኛው ላይ ሆኖ ጠዋት በራሱ ነቅቶ፣ ቀኑን ደስ ብሎት የሚውል ከሆነ አትጨነቁ። ልጃችን ያኔ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነበር። ወረቀቱን ስንደምረው የቀኑም ገብቶበት 10 ሰዓት አይሞላም።

ወረቀቱ ያሳየን ግን የሰዓቱን ማነስ ብቻ አይደለም። ጠዋት የሚነሳበት ሰዓት በየቀኑ የተለያየ ነበር። ሌሊት ሲያስቸግረን ካደረ «ምስኪን፣ ይተኛ» ብለን እንተወውና ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ይነሳል። ስለዚህ የቀን እንቅልፉ ወደ 10 ሰዓት ይገፋል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነቅቶ እንዴት ማታ 2 ሰዓት ላይ ይተኛል? አይተኛም። እኛ ደግሞ 2 ሰዓት ላይ ክፍሉ አስገብተን እንታገለዋለን።

ሐኪሟ እንዲህ አስረዳችን። እንቅልፍን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ከነቃንበት ሰዓት ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጠራቀም የእንቅልፍ ፍላጎት ነው። ልጅ ቀን ላይ ሲያሸልብ ከተጠራቀመው ላይ ይቀነሳል። አመሻሽ ላይ ካሸለበ ለማታ የሚተርፍ የለም። ሁለተኛው የሰውነት ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በዋናነት የሚስተካከለው በብርሃን ነው፤ በተለይ በጠዋት ብርሃን። ማታን ለማስተካከል ከፈለጋችሁ ጠዋትን ያዙ አለችን።

እኔ መጀመሪያ አላመንኩም። ያልተኛ ልጅ መቀስቀስ ጭካኔ መሰለኝ። ባለቤቴ ናት «እንሞክረው» ያለችው። የመነሻ ሰዓቱን ከጠዋቱ 12፡30 አደረግነው። ሌሊቱ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ቅዳሜም ይሁን እሑድ፣ በዚያ ሰዓት መጋረጃው ይከፈታል። ወዲያው ወደ ደጅ ወይም ወደ መስኮት እንወስደዋለን። የቀን እንቅልፉን ከምሳ በኋላ አድርገን ቢበዛ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ እንቀሰቅሰዋለን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት መራራ ነበሩ፤ አልደብቃችሁም። ሲነጫነጭ ይውላል። ከዚያ ግን ማታ እንቅልፉ በሰዓቱ መምጣት ጀመረ። ከሳምንት በፊት ምንም የማታዩ ከሆነ ተስፋ አትቁረጡ፤ የሰውነት ሰዓት ቶሎ አይዞርም።

መተኛ ሰዓቱን ለማስተካከልም ሐኪሟ አንድ ጥሩ ብልሃት አሳይታናለች። ልጁ በእርግጥ የሚተኛው ማታ 4 ሰዓት ከሆነ፣ 2 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ አታስገቡት። አልጋው የትግል ቦታ ይሆንበታል። ከሚተኛበት ሰዓት ጀምሩና ቶሎ መተኛት ሲለምድ በየጥቂት ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት። የጠዋቱ ሰዓት ግን አይነቃነቅም። እኛ በዚህ መንገድ ነው ማታ 2 ሰዓት ላይ የደረስነው።

ቀጥሎ ምሽቱን አስተካከልን። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ነበር፤ ስክሪን እና እኔ።

የስክሪኑን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሲጨልም አእምሯችን ሜላቶኒን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ለሰውነት «መሽቷል» የሚለው እሱ ነው። ደማቅ ብርሃን፣ በተለይ የስልክና የቴሌቪዥን ሰማያዊ ብርሃን፣ ይህን ሆርሞን ያዳክመዋል። የትንሽ ልጅ ዓይን ደግሞ ከእኛ የበለጠ ብርሃን ስለሚያስገባ እነሱ ላይ ይጠነክራል። ብርሃኑ ብቻም አይደለም፤ የሚያዩት ነገር ራሱ ልባቸውን ያነሳሳዋል። ያው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ባነሰ ቁጥር እንደሚሻል ይናገራል። እኛ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ቴሌቪዥኑን አጠፋን። የእኛንም ስልክ ጭምር። ልጁ እሱ ብቻ የተከለከለ ሲመስለው ነበር የሚያለቅሰው። ሁላችንም ስንተወው ብዙም ሳይቆይ ረሳው። የክፍሉንም ትልቅ አምፖል አጥፍተን ደብዘዝ ያለ መብራት መጠቀም ጀመርን።

እኔን በተመለከተ ደግሞ፣ ከሥራ የምገባው ምሽት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ስላላየሁት በር ላይ ሲቀበለኝ ወደ ላይ እወረውረዋለሁ፤ ፈረስ እሆንለታለሁ፤ እናባራለን። እሱም ደስ ይለዋል። ባለቤቴ ግን ከዚያ በኋላ ለማስተኛት ስትለፋ ታመሻለች። አባቶች፣ ይህን ሳነሳ ከልጃችሁ ጋር አትጫወቱ ማለቴ አይደለም። ሐኪሟ ስትጠይቀኝ «ታዲያ መቼ ላግኘው?» ብያት ነበር። እሷም ገላውን የማጠቡንና የተረቱን ሥራ ለኔ ሰጠችኝ። ከእራት በኋላ ያለው ጊዜ የኔና የልጄ ሆነ። ግርግሩን ጨዋታ ወደ ጠዋትና ወደ ቅዳሜ አዞርነው። ዛሬም ተረት የማነብለት እኔ ነኝ።

የምሽቱ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። ገላ መታጠብ፣ ፒጃማ፣ ጥርስ ማጽዳት፣ ሽንት ቤት፣ ሁለት መጽሐፍ፣ አንድ መዝሙር፣ መብራት ማጥፋት። በጠቅላላው ግማሽ ሰዓት ገደማ። ምን እንደምታደርጉ ሳይሆን ሁልጊዜ በዚያው ቅደም ተከተል መሆኑ ነው የሚረዳው። ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ይረጋጋል። ድርድር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ደግሞ እሱ የሚወስንበት ነገር ስጡት። «የቱን መጽሐፍ እናንብብ? የትኛውን ፒጃማ ትለብሳለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አሁን እንተኛ ወይ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ መልሱ ይታወቃል። አያትም ሞግዚትም የሚያስተኙት ከሆነ ያንኑ መንገድ ይከተሉ። በአንዱ ዘንድ የተከለከለ በሌላው ዘንድ ከተፈቀደ ልጁ ማታ ማታ ሲሞክራችሁ ነው የሚያመሸው።

በዚህ ሁሉ ማታ መተኛቱ ተስተካከለ። ሌሊት መንቃቱ ግን አልቀረም። ይህን የሚያስቀረው ሌላ ነገር ነበር።

ማንም ሰው ሌሊቱን ሙሉ አንድ ወጥ እንቅልፍ አይተኛም። እንቅልፍ በዙር በዙር ነው፤ ከከባድ ወደ ቀላል፣ ከቀላል ወደ ከባድ። የአዋቂ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ነው፤ የሕፃን ግን ያጥራል፤ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። በየዙሩ መጨረሻ ሁላችንም ለአፍታ እንነቃለን፤ ተገላብጠን እንተኛለን፤ ጠዋት አናስታውሰውም። ልጅም ይነቃል። ጥያቄው ሲነቃ ብቻውን ተመልሶ መተኛት ይችላል ወይ ነው። የእኛ ልጅ እንቅልፍ የሚወስደው እቅፋችን ውስጥ፣ እየተወዛወዘ ነው። ሲነቃ እቅፍ የለም፤ መወዛወዝ የለም። ስለዚህ ይጣራል። ተጠርተን እናቅፈዋለን። ከአንድ ዙር በኋላ እንደገና። ጡጦ እየጠባ ለሚተኛ ልጅም ነገሩ ያው ነው፤ በዚያ ላይ ወተት አፉ ውስጥ እያደረ ጥርሱን ያበላሸዋል።

«አስለቅሱት፤ ሁለት ሌሊት ነው፤ ይለምዳል» ያሉን ሰዎች ነበሩ። ባለቤቴም እኔም አንጀታችን አልቻለም። ሐኪሟም አላስገደደችንም። ለጤነኛ ልጅ ከስድስት ወር በኋላ የሚሠሩ ብዙ መንገዶች አሉ፤ አንዱን መርጦ መጽናት ነው ዋናው አለች። እኛ የመረጥነው ቀስ በቀስ መራቅን ነው። መጀመሪያ እንቅልፍ ሳይወስደው አልጋው ላይ አጋድመን፣ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጠን እጃችንን ደረቱ ላይ አደረግን። ጥቂት ቀን ቆይተን እጃችንን አነሳን። ከዚያ ወንበሩ ወደ ክፍሉ መሐል፣ ከዚያ ወደ በሩ፣ ከዚያ ከበሩ ውጭ። ብዙ አናወራም። ዓይን ለዓይን አንተያይም። እዚያ መሆናችንን ብቻ ያውቃል።

ወንበሩ ከክፍሉ ሲወጣ «አባዬ አትሂድ» አለኝ። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር። የረዳን ነገር ይኸውና፦ «ውኃ ጠጥቼ እመለሳለሁ» እለውና በእርግጥም እመለሳለሁ። ያውም ሳይጠራኝ። መጀመሪያ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ቀጥሎ ከሁለት፣ ከዚያ ከአምስት። ሳያለቅስ ስመለስ አልቅሶ መጥራት አያስፈልገውም። ቃሌን እንደምጠብቅ ካወቀ በኋላ እየጠበቀኝ ይተኛል። ለመተኛት የሚፈራ ልጅ ካላችሁ ይህቺን ሞክሯት። ተንኮል ግን አይሁን፤ እመለሳለሁ ካላችሁ ተመለሱ። እስኪተኛ ጠብቆ ሹልክ ብሎ መውጣትም አይጠቅምም፤ ሲነቃ ስለማያገኛችሁ በማግሥቱ ዓይኑን ጨፍኖ መተኛት ይፈራል።

ከሦስት ዓመት በላይ ለሆናቸው ደግሞ «የማታ ካርድ» የሚባል አለ። አንድ ቁራጭ ወረቀት ትሰጡታላችሁ። በእሷ አንዴ ብቻ ውኃ፣ ሽንት ወይም አንድ እቅፍ መጠየቅ ይችላል። ከተጠቀመባት አለቀች። ብዙ ልጆች ካርዷን ለክፉ ቀን ይዘናት እንቆይ እያሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። የእኛም ልጅ በኋላ ላይ ይህን ወዶታል።

በመሐል ጉንፋን ያዘው፤ ትኩሳትም ነበረው። ሁሉን ትተን አቀፍነው። የታመመ ልጅ ይታቀፋል፤ በዚህ አትጨነቁ። ሲሻለው ግን ወደ ጀመርነው ተመለስን። ለማገገም የፈጀበት ጊዜ መጀመሪያ ከፈጀበት በጣም ያነሰ ነበር።

እንግዲህ ሰዓቱ ሞላ። በ24 ሰዓት ውስጥ 12 ሰዓት ያህል ይተኛል። ደስ አለን። ሆኖም ልጁ አሁንም ጠዋት ደክሞት ይነሳል። አሁንም ቶሎ ይቆጣል። ግራ ገባን። ለእኔ ከሁሉም በላይ ትልቁ ለውጥ የመጣው እዚህ ላይ ስለሆነ እባካችሁ በደንብ አንብቡት።

ያ ወንበር ላይ በጨለማ ተቀምጬ አተነፋፈሱን እሰማ ነበር። ያንኮራፋል። ከዚህ በፊትም እንደሚያንኮራፋ እናውቃለን፤ «አባቱን ወጣ» ተብሎም ተስቋል። አሁን ግን በጸጥታ ሳዳምጠው ማንኮራፋቱ ድንገት ይቋረጣል። ለጥቂት ሰከንድ ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ጉሮሮው እንደታነቀ ሆኖ በኃይል ይተነፍሳል፤ ይገላበጣል። አፉ ክፍት ነው፤ ራሱን ወደ ኋላ አዘንብሎ ነው የሚተኛው፤ ትራሱ በላብ ይርሳል። በስልኬ ቀረጽኩትና ለሐኪሟ አሳየኋት። ወዲያው ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላከችን።

ቶንሲሉና ከአፍንጫው ጀርባ ያለው አዴኖይድ የሚባለው ሥጋ አድገው የአየር መንገዱን አጥብበውት ነበር። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። መንገዱ ቀድሞውንም ጠባብ ከሆነ ይዘጋል። አየር ሲያጥር አእምሮ ልጁን ለአፍታ ያባንነዋል፤ ተንፍሶ ተመልሶ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ልጁ ዓይኑን ስለማይገልጥ ወላጅ ተኝቷል ብሎ ያምናል፤ ከባዱና የሚያሳርፈው እንቅልፍ ግን እየተቆራረጠበት ነው። የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም በዚያ ከባድ እንቅልፍ ወቅት ነው።

ለአንዳንዱ ልጅ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ አንዳንዱ ክትትል ብቻ ይበቃዋል። ለእኛ የተመከረው ቀዶ ሕክምና ነበር። ፈራን። ብዙ ጠየቅን። በመጨረሻ አስደረግንለት። የጉሮሮው ሕመም የተወሰነ ጊዜ አሠቃየው፤ ፈሳሽ ቶሎ ቶሎ መስጠትና የታዘዘውን ማስታገሻ በሰዓቱ መስጠት ይረዳል። ካገገመ በኋላ የመጀመሪያውን ጸጥ ያለ ሌሊት መተንፈሱን ለማረጋገጥ ደጋግመን ገብተን አየነው። ጠዋት ሳንቀሰቅሰው ተነስቶ አልጋው ላይ ተቀምጦ ለራሱ ሲያወራ አገኘነው። ቁጣውም በሳምንታት ውስጥ ረገበ።

ጉንፋን ሲይዘው ብቻ የሚያንኮራፋ ልጅ አያሳስብም። ጉንፋን ሳይኖረው በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ የሚያንኮራፋ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ፣ አፉን ከፍቶ የሚተኛ፣ በጣም የሚያልበው፣ ጠዋት ራሴን አመመኝ የሚል፣ ወይም አልጋ ማርጠብ ካቆመ በኋላ እንደገና የጀመረ ልጅ ካላችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ቀርጻችሁ ሂዱ። ልጁ ሐኪም ፊት አይተኛምና ቪዲዮው ብዙ ይናገርላችኋል።

ሌላም ከሐኪም ጋር የሚነሳ ነገር አለ። ማታ እግሩን ማሳረፍ የማይችል፣ እንቅልፉ ውስጥ ሲራገጥ የሚያድር ልጅ የብረት ማዕድን እጥረት ሊኖርበት ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል። የአይረን መድኃኒትን ግን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ፤ ለትንሽ ልጅ ከመጠን ካለፈ አደገኛ መርዝ ነው።

የእንቅልፍ መድኃኒት ነገር ከተነሳ ይህንንም ልበል። አንድ የምናውቀው ሰው እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ ሽሮፕ ትንሽ እንድንሰጠው መክሮን ነበር። በቅንነት ነው። ሐኪሟ ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። ለትንንሽ ልጆች ያለ ሐኪም ትእዛዝ መስጠት አተነፋፈሳቸውን ሊያውክ ይችላል፤ አንዳንዱን ልጅ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። በተለይ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ለሚተኛ ልጅ ብንሰጠው ኖሮ ብዬ ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል። የሜላቶኒን ክኒንም ቢሆን ከሐኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። ከዚያ ይልቅ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣውንና የሚበላውን እዩ። ሻይ፣ ኮላና ቸኮሌት ካፌይን አላቸው፤ ሰውነት ውስጥም ለሰዓታት ይቆያል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ጊዜ ያስደነገጠን ሌላ ነገር ነበር። ከተኛ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ድንገት ተነስቶ ይጮኻል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ግን አያውቀንም፤ ስንነካው ይገፈትረናል። ይህ ቅዠት አይደለም፤ ከከባድ እንቅልፍ በግማሽ መንቃት ነው። እንቅልፍ ሲጎድልና እንቅልፍ ሲቆራረጥ ይብሳል። አትቀስቅሱት፤ አትነቅንቁት። እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት፤ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ ጠዋት አያስታውሰውም። ቅዠት ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ንጋት ነው የሚመጣው፤ ልጁ ነቅቶ ይፈልጋችኋል። ያኔ እቀፉት፤ አጽናኑት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሁለተኛዋ ልጃችን ተወለደች። አዲስ ለተወለደ ሕፃን የእንቅልፍ ሥርዓት ማስያዝ አይቻልም፤ ቀንና ሌሊት አይለይም፤ ይራባል፤ መጥባት አለበት። እኛ ያደረግነው ቀኑን ብርሃንና ድምፅ ያለበት፣ ሌሊቱን ደግሞ ደብዛዛና ጸጥ ያለ ማድረግ ብቻ ነው። ሌሊት ስትጠባ አናጫውታትም። ትንሽ ጠንከር ስትል አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ሳትተኛ አልጋዋ ላይ እናስቀምጣት ነበር። ከተሳካ ተሳካ፤ ካልተሳካም እናነሳታለን።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር አልነበረም፤ አተኛኘቷ ላይ። ዓመት እስኪሞላት ሁልጊዜ በጀርባዋ፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ፣ በራሷ አልጋ፣ በእኛ ክፍል። ትራስ የለም፤ ወፍራም ብርድ ልብስ የለም፤ አሻንጉሊት የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ በእንቅልፍ ላይ እያሉ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል። «በጀርባዋ ከተኛች ያንቃታል» የሚሏችሁ ሰዎች ይኖራሉ። ለጤነኛ ሕፃን እውነት አይደለም። ሕፃን አቅፎ ሶፋ ላይ ማንቀላፋት ደግሞ ከሁሉም የከፋው ነው። የደከመ ወላጅ ሳያስበው የሚደርስበት ስለሆነ፣ እንቅልፍ እየጣላችሁ ከሆነ ሶፋው ላይ አትቀመጡ።

ለዚህም ነው ሌሊቱን የተከፋፈልነው። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ዳይፐር መቀየሩም ማባበሉም የኔ ነው፤ ባለቤቴ ከምታጠባበት ሰዓት በቀር ትተኛለች። ከዚያ እንቀያየራለን። አራትና አምስት ሰዓት ያልተቋረጠ እንቅልፍ ለአንድ ሰው ብዙ ነው። ብቻችሁን የምታሳድጉ ከሆነ በሳምንት አንድ ሌሊት እንኳ የሚያግዛችሁ እህት፣ እናት ወይም ጓደኛ ለምኑ፤ እርዳታ መጠየቅ ነውር የለበትም። አባቶች ደግሞ የወለደችውን እናት እዩዋት። ሕፃኑ ተኝቶም እሷ መተኛት ካልቻለች፣ ለሳምንታት ካዘነች፣ ከምትወደው ነገር ሁሉ ከራቀች፣ ድካም ነው ያልፋል ብላችሁ አትተዉት፤ አብራችኋት ሐኪም ጋ ሂዱ።